«ስውር» የምንለው ድሮን ከማን ነው የተሰወረው?

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ትምህርት ባቀረብኩት የክፍል ሥራ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ስለደረሰው የአየር ጥቃት ስጽፍ «ስውር ድሮን» ብዬ ነበር። መምህሬ በቀይ አሰመሩበትና «ከማን የተሰወረ?» ብለው መለሱልኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው።

በወታደሮች ቋንቋ ስውር ማለት ከዓይን የተደበቀ ማለት ሳይሆን ራዳር በቀላሉ እንዳያገኘው ሆኖ የተሠራ ማለት ነው። ራዳር ሞገድ ይልክና ከአውሮፕላኑ ገላ ነጥሮ የሚመለሰውን ያነባል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ሞገዱ ወደመጣበት እንዳይመለስ ገላውን ያጋድማል፣ ቀጥ ብሎ የቆመውን ጅራት ያስወግዳል፣ ሞተሩንና ቦምቡን ሆድ ውስጥ ይከታል። ጣጣው የሚመጣው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ጅራት የሌለው አውሮፕላን ሚዛኑን በራሱ አይጠብቅም፤ በየቅጽበቱ የሚያስተካክለው ኮምፒውተር ነው። አሜሪካኖች የሠሩት ጅራት አልባው ዳርክስታር እ.ኤ.አ. በማርች 1996 በረረ፤ በቀጣዩ ወር ለሁለተኛ በረራው ሲነሣ ተከሰከሰ፤ በ1999 ፕሮጀክቱ ተዘጋ።

ሙከራውም ቀላል አይደለም። ሞዴሉን ምሰሶ ላይ ሰቅለው ራዳር ያበሩበታል። ግን ምሰሶውም ራሱ ሞገድ ይመልሳል! ስለዚህ አስቀድሞ ራዳር የማያየው ምሰሶ መሥራት ግድ ሆነ (ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ)። በ1970ዎቹ በተሞከረው፣ ሰው በሚያበረው ሃቭ ብሉ ላይ ደግሞ ሦስት ብሎኖች በደንብ ስላልጠበቁ ብቻ አውሮፕላኑ ራዳር ላይ ጎልቶ ታይቷል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ እንደታጠቀችው በሰፊው የተዘገበው የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 ከክንፍ እስከ ክንፍ 12 ሜትር ነው። ጅራት አለው፣ ከኋላው ፕሮፔለር ይሽከረከራል፣ ሚሳይሉም ክንፉ ሥር በግልጽ ይንጠለጠላል። ስውር ተብሎ የተሠራ አይደለም። ለነገሩ ገበሬ ራዳር የለው! ከእሱ የሚሰውረው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታና የክረምት ደመና ነው።

ቡሬ ዙሪያ ያሉ ዘመዶቼ ግን «ወፍጮዋ መጣች» ይላሉ። ሳያዩ ይሰሟታል። እኛ «ስውር» ብለን ስንጽፍ እነዚህን ሰዎች ከምስክርነት እናወጣቸዋለን፤ አንባቢውም ማንም ምንም ሊያውቅ አይችልም ብሎ ያልፋል። እርግጥ ድምፅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነፋስ ሊወስደው ይችላል፣ አልተሰማም ማለትም ድሮን አልነበረም ማለት አይደለም። ቢሆንም በስንት ሰዓት፣ ከየት በኩል፣ ለምን ያህል ጊዜ ተሰማ፣ ሰማዩስ ጥርት ያለ ነበር ወይ፣ የተገኘ ስብርባሪ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሥራዬን መልሼ ስጽፍ «ስውር» የሚለውን ሰረዝኩት። በቦታው አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች የተናገሩትን፣ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አስገባሁ።