የናሙና ፍጥነትን በአግባቡ መለወጥ

ጥያቄ፦ በአቦምሳ በ48,000 የተቀረጸ የክራር መዝሙር ለሲዲ ወደ 44,100 ሲለወጥ ዘገምተኛና ወፍራም ሆነ። ምክንያቱ ምንድን ነው? የትኛውስ መለወጫ ይመረጣል?
አንባቢ፣ ከአቦምሳ

መልስ፦ የናሙና ፍጥነት ድምፅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚያመለክት ቁጥር ሲሆን፣ በተለምዶ ለቪዲዮ 48,000፣ ለሲዲ ደግሞ 44,100 ነው። ናሙናዎቹ እንደገና ሳይሰሉ የፋይሉ ቁጥር ብቻ ከተቀየረ፣ የ3 ደቂቃ መዝሙር ወደ 3 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገደማ ይረዝማል፤ የክራሩም ቅኝት አብሮ ይወርዳል።

በነጻ በሚገኘው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ኦዳሲቲ ውስጥ፣ በትራኩ ዝርዝር ላይ ያለው «ሬት» የአጫወቱን ፍጥነት ብቻ ሲቀይር፣ «ሪሳምፕል» የተባለው ትእዛዝ ግን ናሙናዎቹን አስልቶ ርዝመቱንና ቅኝቱን ስለሚጠብቅ፣ ለዚህ ሥራ ተመራጩ እርሱ ነው። ጥሩ መለወጫ ለሲዲ ከ22,050 ኸርትዝ በላይ ያለውን ድምፅ አስቀድሞ ያጣራል፤ ካላጣራ፣ በተለይ ከ96,000 ሲወረድ፣ በቀረጻው ያልነበረ ባዕድ ድምፅ ይፈጠራል።

ልወጣውን በሥራው መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ማከናወንና ዋናውን ቅጂ ሳይነኩ ማስቀመጥ ይበጃል። ከዚህም በኋላ ችግሩ ካልተቃና፣ ዋናውን ፋይል ይዞ የስቱዲዮ ድምፅ ባለሙያ ማማከር ይገባል።