ኮምፒውተር «አንጀቴ ራሰ» ሲባል ይገባዋል?



ኮምፒውተር የዘፈን ግጥም አንብቦ «ይህ ሐዘን ነው፤ ይህ ደስታ ነው» ሊል ይችላል? ይችላል፤ ግን አስተማሪ ይፈልጋል። ሰዎች ብዙ ስንኞችን እያነበቡ በእያንዳንዱ ላይ «ደስታ»፣ «ሐዘን»፣ «ናፍቆት» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩ የትኛው ቃል ከየትኛው ስሜት ጋር ደጋግሞ እንደሚመጣ ይማራል፤ ከዚያም ላላየው ስንኝ ይገምታል። ዘዴው ማሽን ለርኒንግ ይባላል።

ለአማርኛም ተጀምሯል። በ2023 እ.ኤ.አ. የቀረበው አፍሪሴንቲ በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ከ110,000 በላይ የትዊተር መልእክቶችን ይዟል። መልካም፣ መጥፎ ወይም ገለልተኛ ብለው የለዩዋቸው በቋንቋዎቹ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች ናቸው።

ዘፈን ግን ይከብዳል። «አንጀቴ ራሰ» ደስታ ነው፤ «አንጀቴ አረረ» ሐዘን ነው፤ «ሞትኩልሽ» ደግሞ ፍቅር እንጂ ሞት አይደለም። ሰምና ወርቅ ሲሆን ኮምፒውተሩ ሰሙን ያነባል፤ ወርቁ ያመልጠዋል። ግጥሙን ብቻ ስለሚያነብ የትዝታ ቅኝት የሚያሳድረውን ናፍቆትም አይሰማም።

እዚህ ቡሉክ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «አንጀቴ ራሰ» ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ጁባ ተወልዶ ያደገ አንድ ልጅ «ውሃ ጠጣ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔን ግን ሆድ ባሰኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ምልክት የሚያደርግለት ሰው አላገኘም።

ስለዚህ የቤት ሥራ፦ ወላጆቻችሁ ከሚወዱት ዘፈን አምስት ስንኝ ጻፉ። ስሜቱን መጀመሪያ ራሳችሁ ገምቱ፤ ቀጥሎ እነሱን ጠይቁ። ያልተስማማችሁበትን ስንኝ ወደ ክፍል አምጡ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።