የአሠራር ገለጻ፦ አውሮፕላን ከፍታውን እንዴት ይጠብቃል?

ሀ. መግቢያ

የአንድን ነገር አሠራር ስትገልጹ ድርጊቶቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ አንዱ ድርጊት በሌላው ላይ ያለውን ጥገኝነትም በትክክለኛ አያያዥ ቃል አሳዩ። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በቀጥታ የሚሰመር የአየር መስመር ከቆቦ በስተምዕራብ ባለው ተራራማ አገር ላይ ያልፋል። የቆቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በስተምዕራብ ያሉት የላስታ ተራሮች ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ። ምድሩ ከፍና ዝቅ ቢልም አውሮፕላኑ አብሮት ከፍና ዝቅ አይልም፤ ከፍታውን የሚያውቀው በውጭው አየር ግፊት ነውና።

አብራሪው የሚፈለገውን ከፍታ በቁጥር ይሞላል። አውቶፓይለት የተባለው መሣሪያም አውሮፕላኑን ወደዚያ ያወጣዋል። ከፍታው ላይ ከመድረሱ አስቀድሞ ግን አቀበቱን ቀስ በቀስ ያለዝባል። የግራ ካሱን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ፍጥነቱን የሚቀንሰው መታጠፊያው ውስጥ ከገባ በኋላ አይደለም፤ ይህም እንደዚያው ነው። አውሮፕላኑ በፍጥነት በወጣ መጠን ማለዘቡም ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ቢዘገይ ለሌላ አውሮፕላን ወደ ተሰጠ ከፍታ ሊገባ ይችላል። በመጨረሻም አውሮፕላኑ የታዘዘውን ከፍታ ይዞ አግድም ይበራል።

ኮምፒዩተሩ መውረድ የሚጀመርበትንም ቦታ ያሰላል። ሆኖም አብራሪው ዝቅተኛውን ከፍታ ካልሞላ በቀር አውሮፕላኑ በነበረበት ከፍታ ይቀጥላል። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን መውረጃውን አልፎ በ37,000 ጫማ (11,300 ሜትር ገደማ) ከፍታ ገሰገሰ። ከአዲስ አበባ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ጋር የነበረው ግንኙነትም ተቋረጠ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበርና አውቶፓይለቱ ሲቋረጥ የተሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዳነቃቸው ተዘገበ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ አየር መንገዱም አብራሪዎቹን ምርመራ እስኪደረግ ድረስ ከበረራ ሥራ አገደ። መሣሪያው የታዘዘውን ከፍታ ጠበቀ፤ ያልታዘዘውን ግን ሊገምት አይችልም።

ሐ. ማብራሪያ

«ከመድረሱ አስቀድሞ» የሚለውን ሐረግ «ከደረሰ በኋላ» በሚለው ብትተኩት ምን ይፈጠራል? አውሮፕላኑ ከፍታውን ያልፋል። «ካልሞላ በቀር» የሚለውስ ባይኖር? አንባቢው መሣሪያው ያለ ሰው ትእዛዝ የሚወርድ ይመስለዋል። እንግዲህ አያያዥ ቃል የዐረፍተ ነገር ጌጥ አይደለም፤ የአሠራሩ አንዱ ክፍል ነው።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ጊዜንና ሁኔታን የሚያመለክቱ ሐረጎችን ለይታችሁ ጻፉ።
2. «አውሮፕላኑ በፍጥነት በወጣ መጠን…» በሚለው አገባብ ከአካባቢያችሁ ኑሮ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች መሥርቱ።
3. የራያ ቆላ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላ እርሻው የሚያስገባበትን መንገድ በአሥር ዐረፍተ ነገሮች ግለጹ። ጎርፉ ከመምጣቱ አስቀድሞ የሚሠራውንና ከመጣ በኋላ የሚሠራውን ለዩ፤ «ካል… በቀር» የሚለውንም አገባብ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተጠቀሙ።