በከሚሴ የመፀው ኪነ ጥበብ፦ ከመድረኩ በፊት ቀኑን ያዙ

በትንሽ ከተማ የኪነ ጥበብ ዝግጅት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መድረክ ላይ ሳይሆን ገና ቀኑ ሲቆረጥ ነው። በጀት በተለቀቀ ማግስት ወይም «ከክልል እንግዳ ይመጣል» በተባለ ሳምንት በጥድፊያ የሚጠራ ዝግጅት፣ ግጥሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የፊት ወንበሮቹን ለኃላፊዎች ሰጥቶ የኋላዎቹን ባዶ ያስቀራል።

ይህ ምክር በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች ለምትሠሩ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ የሥነ ጽሑፍና የቲያትር ክበብ ለያዛችሁ መምህራን፣ አዳራሽ ላላችሁ የሆቴል ባለቤቶች ነው። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ በዓመት አንዴ ትልቅ ዝግጅት ከመደገስ ይልቅ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀናቸው የማይለዋወጥ ሦስት ትንንሽ ዝግጅቶችን አድርጉ። አዲስ አበባ ላይ «ጦቢያ ግጥም በጃዝ» በራስ ሆቴል ታዳሚ ያፈራው በየወሩ በታወቀ ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ እየተመላለሰ ነው። ከሚሴ ላይ ረቡዕ ላይሆን ይችላል። የራሷ ቀን ግን ያስፈልጋታል።

ቀኑ

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። መስከረም እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ኢሬቻ የሚከታተሉበት ወር ስለሆነ ሰውም ኪሱም ሥራ በዝቶበታል። ትምህርት ቤቶችም ገና ክበብ አላዋቀሩም። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ጀምሩ።

የምመክራችሁ የወሩን ሦስተኛ ቅዳሜ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ምንጊዜም ከ15 እስከ 21 ባለው ውስጥ ይውላል። ይህም ኅዳር 29 ከሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ያርቃችኋል። በዚያ ሳምንት የባህል ቡድኑም፣ ሞንታርቦውም፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪናም ለእናንተ አይተርፍም። ከበዓላት ኅዳር 21 ጽዮን ማርያምን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን አስታውሱ። ቅዳሜው እዚያ ላይ ከወደቀ ለውጡን ባለፈው ዝግጅት ላይ ለታዳሚው ተናገሩ እንጂ በሳምንቱ አትለጥፉት።

የገበያ ቀን አትንኩ። ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ ትገበያለች። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በሚገናኝበት በባቲ ሰኞ ሰው አዳራሽ አይገባም። ነገር ግን ከዚያ የበለጠ የማስታወቂያ ቦታ አታገኙም። ሁለት ወጣቶች አንድ ጌረርሳና አንድ አጭር ቧልት ይዘው ገበያው ዳር ሩብ ሰዓት ቢጫወቱ ከመቶ ፖስተር ይበልጣሉ።

ከሂጅራው ዘመን አቆጣጠር ጋርም አመሳክሩ። መውሊድና ረመዳን በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ። መውሊድ በ2017 መስከረም 5 ነበር፤ አሁን ወደ ነሐሴ ገብቷል። ረመዳን በ2018 የካቲት ላይ ገባ፤ በ2022 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። በቀጣዩ ዓመት ሦስተኛውን ቅዳሜ ስለሚነካ የታኅሣሡን ዝግጅት ቀደም ማድረግ ግድ ይላችኋል።

አጨዳውም አለ። ቆላው በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላውንና ጤፉን ይሰበስባል። ታዳሚያችሁ ከተማ ቀመስ ከሆነ ችግር የለም። ከቀበሌ ሰው የምትጠብቁ ከሆነ ግን የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ሳታማክሩ ቀን አትቁረጡ።

ሰዓቱ

በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ዐስር ሶላት ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የእናንተ ነው፦ 9፡45 ጀምሩ፣ 11፡30 ላይ ጨርሱ። ሰው ሰግዶ ይመጣል፣ ለመግሪብ ይደርሳል። ተማሪዎችና ሴቶች ሳይመሽ ባጃጅ ያገኛሉ፣ የሰዓት ገደብ ቢታወጅም አያሰናክላችሁም። «የኪነ ጥበብ ምሽት» የሚለው ስያሜ ደስ ቢልም ማምሸት ግዴታ አይደለም።

በሰዓቱ ጀምሩ። ዘግይቶ የሚመጣ ኃላፊን መጠበቅ በሰዓቱ የመጣውን ሰው መቅጣት ነው። የመክፈቻ ንግግር ካለ ከአምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ከተናጋሪው ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቦታውንም ከመጀመሪያው ግጥም በኋላ አድርጉት።

ይዘቱ

የዞኑ የሥራና የትምህርት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከተማዋ ግን የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች ናትና አማርኛም በየሱቁ ይነገራል። ብዙ አዘጋጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ወይ አንዱን ቋንቋ ይተዋሉ፣ ወይ እያንዳንዱን ግጥም ከሥር ከሥር እያስተረጎሙ ዝግጅቱን እጥፍ ያደርጉታል። ይልቅ ሥራዎቹን እያፈራረቁ አቅርቡ። ሁለት መድረክ መሪዎች መድቡና የሚቀጥለውን ሥራ ጭብጥ በሌላው ቋንቋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩ። ግጥሙ ግን በተጻፈበት ቋንቋ ብቻ ይነበብ። ፖስተሩም በቁቤና በፊደል፣ እኩል መጠን ባለው ጽሑፍ ይውጣ። አንዱ ቋንቋ ግርጌ ላይ ከተወሸቀ ሰው መልእክቱን ወዲያው ያነበዋል።

ለመቶ አምስት ደቂቃ ይህን ያህል ይበቃል፦ አምስት ገጣሚዎች 30 ደቂቃ፣ አንድ አጭር ቲያትር 35 ደቂቃ፣ ሙዚቃና ጌረርሳ 25 ደቂቃ፣ ቀሪው ለመድረክ መሪዎቹና ለንግግር። በሙዚቃው በኩል እጃችሁ ላይ ያለውን ሀብት አትርሱ። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ባቲ ነው። አንድ የማሲንቆ ወይም የክራር ተጫዋች ያንኑ ዜማ መጀመሪያ በትዝታ፣ ቀጥሎ በባቲ ቢጫወትና ልዩነቱን በሦስት ደቂቃ ቢያስረዳ፣ ተማሪው ከክፍል የማያገኘውን ይዞ ይሄዳል።

መንዙማ ከፈለጋችሁ ግን ጥንቃቄ አይለያችሁ። በወሎ መንዙማ ውዳሴና ዱዓ ነው። ከቧልትና ከዘፈን መሀል መሰካት ባለቤቶቹን ያስቀይማል። ወይ ራሱን የቻለ ዝግጅት ስጡት፣ ወይ ተዉት። በየትኛውም መንገድ አስቀድማችሁ ሼኾቹንና የአገር ሽማግሌዎቹን አማክሩ።

ሁሉንም ሥራ ቀድማችሁ አንብቡ። ይህ አካባቢ በቅርብ ዓመታት ብዙ ሐዘን አይቷል። ሐዘኑን የሚያነሳ ግጥም ይነበብ። ጎረቤትን በጅምላ የሚሰድብ ስንኝ ግን የሦስት ወር ሥራችሁን በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ከጸሐፊው ጋር ለብቻ ተነጋገሩ። መድረክ ላይ ማይክ መንጠቅ መፍትሔ አይደለም።

የደራሲው መብት

የታወቀ ቲያትር ማሳየት ለምትፈልጉ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ነው፤ ስለዚህ «ያላቻ ጋብቻ»ም ሆነ «ጠልፎ በኪሴ» ቢያንስ እስከ 2030 የወራሾች ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያረፉት በ1998 ስለሆነ ሥራዎቻቸው እስከ 2048 ይዘልቃሉ። ክፍል ውስጥ ለማስተማር ማንበብና ትኬት ቆርጦ መድረክ ላይ ማውጣት አንድ አይደሉም። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው የራሳችሁን ልጆች ጽሑፍ መጠቀም ነው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ፣ አራት ተዋናይ ያለው፣ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ታሪክ አስጽፉ። ልምምዱ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ለተማሪ ተዋናዮች የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ቦታና ገንዘብ

ትንሽ አዳራሽ ምረጡ። ሰማኒያ ሰው በሰማኒያ ወንበር ላይ ሙሉ ቤት ነው፤ አራት መቶ ወንበር ባለበት ያው ሰማኒያ ሰው ሽንፈት ይመስላል። ከሚሴ ቆላ ናትና ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ያደክማል፤ መስኮት የሚከፈትበትን፣ ወይም ጥላ ያለውን ግቢ አስቀድሙ። ሞንታርቦውን በዋዜማው ሞክሩ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማን እንደሚገዛ በስም ለይታችሁ ጻፉ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አትርሱ። የመፀው ዝግጅት በሰኔ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ በጥቅምት ገንዘብ መለመን ነው። የግል አዘጋጅ ከሆናችሁ ስሌቱን ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩ። ለምሳሌ ጠቅላላ ወጪው 24,000 ብር ቢሆንና አዳራሹ 200 ሰው ቢይዝ፣ ሙሉ ይሆናል ብላችሁ ትኬቱን 120 ብር አታድርጉት። 120 ሰው ይመጣል ብላችሁ ብታስቡ ዋጋው 200 ብር ይሆናል። ይህ ለከተማው ከከበደ ዋጋውን ከመጨመር ወጪውን ቀንሱ።

ከወጪው ውስጥ የማይቀነሰው ግን የባለሙያው ክፍያ ነው። ከባቲ የምትጠሩት ተጫዋች በኮምቦልቻ ዞሮ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚደርሰው፤ ትራንስፖርቱን፣ ማደሪያውንና አበሉን በቃል ሳይሆን በወረቀት ተስማሙ። «ለአገርህ ነው» ተብሎ በነጻ የሠራ ሰው ሁለተኛ ስልክ አያነሳም።

የአራት ሳምንት ሥራ

አራት ሳምንት ሲቀር ቀኑን አረጋግጡ፣ ቦታውንና ሥራዎቹን ለዩ፣ ልምምድ ጀምሩ። ሦስት ሳምንት ሲቀር የዝግጅቱን ይዘትና የተሳታፊዎቹን ስም የያዘ ደብዳቤ ለከተማ አስተዳደሩ አስገቡ፤ ግልባጩ ለፖሊስና ለሰላምና ጸጥታ ይሂድ። ሁለት ሳምንት ሲቀር ፖስተሩ ይለጠፍ፤ ደሴ ላሉት የኤፍ ኤም ጣቢያዎችና ለአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የአፋን ኦሮሞ ክፍል አጭር መግለጫ ላኩ። በመጨረሻው ሳምንት ትኬቱን በእጅ ሽጡ፦ በየትምህርት ቤቱ፣ በየባንኩ፣ በየጤና ጣቢያው። ትኬት የገዛ ሰው ይመጣል፤ «እመጣለሁ» ያለ ሰው ግን ዘመድ ሊመጣበት፣ ዝናብ ሊይዘው ይችላል።

በዕለቱ አንድ ሰው በር ላይ ሆኖ የመጣውን ይቁጠር፤ ከሁለተኛው ዝግጅት ጀምሮም «ባለፈው ወር ነበሩ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ለቀጣዩ ዓመት በጀት ስትከራከሩ ከአዳራሹ ፎቶግራፍ ይልቅ የሚያሳምነው ተመልሶ የመጣው ሰው ቁጥር ነው። ለባለሙያዎቹ እዚያው ክፈሉ። ሰዉም ከመነሳቱ በፊት መድረክ መሪዎቹ የሚቀጥለውን ቀን በሁለቱም ቋንቋ ይናገሩ፤ የተናገራችሁትን ቀን ደግሞ፣ ሃያ ሰው ብቻ ቢመጣም እንኳ፣ አትሰርዙ።