ልብን የማያስመታ ቀስቃሽ ምን ይሠራል?

የልብ ጡንቻ ለኤሌክትሪክ ቀስቃሽ የሚሰጠው መልስ ወይ ሙሉ ነው፣ ወይም ምንም ነው። ይህን ሕግ አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ሄንሪ ባውዲች እ.ኤ.አ. በ1871 በእንቁራሪት ልብ ላይ አሳይቷል። ቀስቃሹ ከተወሰነ መጠን ካነሰ ልብ አይመታም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ደካማ ቀስቃሽ እንዳልነበረ እንቆጥረዋለንን?

አንድ ሙከራ እንመልከት። ጡንቻው ካለፈው ምት ገና በማገገም ላይ ሳለ ደካማ ቀስቃሽ እንስጠው፤ ከጥቂት ሚሊ ሰከንዶች በኋላም በዚያው ቦታ ብቻውን ልብን ሊያስመታ የሚችል ሌላ ቀስቃሽ እናስከትል። ሁለተኛው ያለ መልስ ሊቀር ይችላል።

ምክንያቱን በሕዋሱ ሽፋን ላይ እናገኘዋለን። ምት የሚነሣው የሶዲየም በሮች ተከፍተው ሶዲየም ወደ ሕዋሱ ሲገባ ነው። ደካማው ቀስቃሽ የሽፋኑን ቮልቴጅ በጥቂቱ ብቻ ስለሚለውጥ ምት አያስነሣም፤ ይሁን እንጂ ከበሮቹ ከፊሎቹን ይቆልፋል። ተከታዩ ቀስቃሽ ሲደርስ ለመከፈት የተዘጋጁት በሮች አይበቁትም።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ያልፋል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ (ፔስሜከር) እ.ኤ.አ. በ1958 በስቶክሆልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በሰው አካል ውስጥ ከተቀበረ ወዲህ፣ የብዙ ሕሙማን ሕይወት እያንዳንዱ ቀስቃሽ መልስ በማግኘቱ ላይ ተመሥርቷል። በአንጻሩ ተመራማሪዎች ያለ ጊዜው የሚመጣን ጎጂ ምት በደካማ ቀስቃሽ ለማገድ ሞክረዋል። እንቅፋቱ የእገዳው ኃይል ቀስቃሹ ካረፈበት ቦታ እምብዛም አለመራቁ ነው። ስለዚህ ምት ያልታየበት ቅጽበት ሁሉ ባዶ አለመሆኑን እንገነዘባለን።