ለካምቢዮና ለዲፈረንሻል ትክክለኛውን ዘይት መምረጥ

«90 ዘይት ስጠኝ» ብሎ ሱቅ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። ባለሱቁ 90 ያወርድለታል፤ መካኒኩም ያንኑ ዘይት ካምቢዮውም ውስጥ ዲፈረንሻሉም ውስጥ ይሞላዋል። 90 ግን የውፍረት መለኪያ እንጂ የዘይት ዓይነት አይደለም። በዘይቱ ውስጥ ምን ኬሚካል እንደተጨመረ ቁጥሩ አይናገርም። ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ብሎ ሲንገጫገጭ፣ ወይም የኋላው ዲፈረንሻል መታጠፊያ ላይ ሲያጉረመርም፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያ ኬሚካል ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በተለይ ማኑዋል ካምቢዮና ከኋላ ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል (በአጭሩ ኤልኤስዲ) ላለው ላንድክሩዘር 70 እና ለመሰል የሥራ መኪኖች ነው። ሚኒባስና የቤት መኪና ያላቸውም አብዛኛውን ይጠቀሙበታል።

ከምርጫው በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ ሲቀየር፣ በተለያየ ፍጥነት የሚሽከረከሩትን ክፍሎች እኩል የሚያደርገው የሲንክሮናይዘር ቀለበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከናስ ወይም ከነሐስ ይሠራል። ሥራው መንከስ ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ የሚያንሸራትት ከሆነ ቀለበቱ አይነክስም፤ ፍጥነቱ ሳይስተካከል ጥርስ ከጥርስ ይጋጭና ማርሹ ይጮኻል።

ዲፈረንሻል የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ፒኞኑ ከኮሮናው መሀል ዝቅ ብሎ ስለሚገጥም ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ በከባድ ግፊት ይፋተጋሉ። ይህ አሠራር ሃይፖይድ ይባላል። በዚህ ግፊት ተራ ዘይት ከጥርሶቹ መሀል ተጨምቆ ይወጣል፤ ብረት ከብረት ይገናኛል። ስለዚህ የዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ ድኝና ፎስፎረስ ያለበት ኬሚካል ይጨመራል። ጥርሱ ሲግል ኬሚካሉ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ መከላከያ ይሠራል። ያው ኬሚካል በብዛት ሲኖርና ዘይቱ ሲግል ግን ናስና ነሐስን ሊበላ ይችላል።

ኤልኤስዲ ደግሞ ሦስተኛ ፍላጎት ያመጣል። በብዛት የሚገኘው ዓይነት ውስጡ የተደራረቡ ዲስኮች አሉት። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ዲስኮቹ ተጣብቀው ጉልበቱን መሬት ለያዘው ጎማ ያካፍላሉ። መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ ቀስ ብለው መንሸራተት አለባቸው። ለዚህ የተለየ ማለስለሻ የሌለው ዘይት ከተሞላ ዲስኮቹ እየተያዙና እየተለቀቁ ይንቀጠቀጣሉ፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ የሚሰማው ማጉረምረምና መንኳኳት ይሄ ነው።

አንደኛ፦ መኪናው ምን እንደሚጠይቅ ይወቁ

የመኪናው መጽሐፍ ካለ የዘይት ገጹን ያንብቡ፤ ከማንም ምክር ይቀድማል። ከሌለ የመኪናውን መለያ ሰሌዳ ይፈልጉ። ቶዮታ ላይ «ትራንስ/አክስል» በሚለው መስመር የካምቢዮውና የአክስሉ ኮድ ተጽፏል፤ ወኪሉ ወይም ጥሩ የመለዋወጫ ነጋዴ ከኮዱ ተነስቶ ኤልኤስዲ ያለው መሆኑን ሊነግርዎ ይችላል። አንዳንድ መኪኖች ዲፈረንሻሉ ላይ የኤልኤስዲ ዘይት ብቻ እንዲሞላ የሚያሳስብ ምልክት አላቸው። ጭቃውን ጠርገው ይመልከቱ።

ይህም ካልተገኘ በእጅ መሞከር ይቻላል። በደልዳላ ቦታ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፣ ኋላውን በክሪክ አንስተው ጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም መግባት የለበትም። ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁና አንዱን የኋላ ጎማ በእጅ ያሽከርክሩ። ሌላኛው ወደ ተቃራኒው ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ነው፤ በተመሳሳይ አቅጣጫ ከዞረ ኤልኤስዲ ሊሆን ይችላል። ዲስኮቹ ያለቁበት ኤልኤስዲ ግን ልክ እንደ ተራው ይዞራል፤ ስለዚህ «ተራ ነው» የሚለውን ውጤት ሙሉ በሙሉ አይመኑት።

ሁለተኛ፦ የጂኤል ቁጥሩን ይምረጡ

ጣሳው ላይ ኤፒአይ ከሚለው ቀጥሎ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል አለ። ከውፍረቱ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ግፊት የሚቋቋም ኬሚካል ከጂኤል-4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ያለ ምንም ድርድር ጂኤል-5 ይሞላል። ጂኤል-4 እዚያ ከገባ፣ በተለይ ጭነት ይዞ ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣ መኪና ላይ፣ የጥርሶቹ ዕድሜ ያጥራል።

ካምቢዮው ጂኤል-4 ብቻ ከጠየቀ ጂኤል-5 አይሙሉበት። ብዙ የቶዮታ መጽሐፎች ለካምቢዮ «ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5» ይላሉ፤ ያኔ ሁለቱም ይፈቀዳሉ። እኔ ግን ሁለቱም ገበያ ላይ ካሉ ለካምቢዮ ጂኤል-4ን እመርጣለሁ፤ ሲንክሮናይዘር እንደ ዲፈረንሻል ጥርስ ሳይሆን ንክሻ ነውና የሚፈልገው። «ጂኤል-4/ጂኤል-5» ተብሎ በአንድ ጣሳ የሚሸጠውን ከተጫነ የሥራ መኪና ዲፈረንሻል ባርቀው ደስ ይለኛል፤ ለሁለቱም ይሆናል የተባለ ዘይት አንዱን ወገን መበደሉ አይቀርም።

ከዚህ ደንብ የሚወጡ አሉ። አንዳንድ የሆንዳ ማኑዋል ካምቢዮዎች የራሳቸውን ኤምቲኤፍ የተባለ ቀጭን ዘይት ይፈልጋሉ። የአይሱዙ ትሩፐር ካምቢዮ የሞተር ዘይት እንዲሞላበት የታዘዘ ነው። እነዚህ ላይ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት መሙላት ማርሹን ያከብደዋል። በፊት ጎማ የሚነዱ ትናንሽ መኪኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካምቢዮና ዲፈረንሻላቸው በአንድ ሣጥን ነው፤ ዘይታቸውም አንድ ነው።

ሦስተኛ፦ ውፍረቱን ይምረጡ

75ደብልዩ-90 የሚለው ቁጥር ሁለት ነገር ይነግራል። ከደብልዩ በፊት ያለው በብርድ ጊዜ ያለውን ፍሰት፣ ከኋላ ያለው ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የሚቀረውን ውፍረት ያሳያል። 75ደብልዩ እስከ 40 ዲግሪ፣ 80ደብልዩ እስከ 26 ዲግሪ፣ 85ደብልዩ እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተፈተነ ነው። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ብርድ የሚነካው መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ 80ደብልዩ-90 ወይም 85ደብልዩ-90 ለዲፈረንሻል ይበቃል። ለካምቢዮ ግን 75ደብልዩ-90 ጥቅም አለው፦ በደብረ ብርሃን ማለዳ ሞተር ተነስቶ ወዲያው ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የካምቢዮ ዘይት ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር በአንድ መስፈሪያ አይለካም። 90 የካምቢዮ ዘይት ሲሞቅ ያለው ውፍረት ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው። «90 ስለሆነ በጣም ወፍራም ነው» የሚባለው ልክ አይደለም።

140ስ? አፋር በረሃ ውስጥ ከባድ ጭነት ለሚጎትት መኪና፣ መጽሐፉ ከፈቀደ፣ 85ደብልዩ-140 ዲፈረንሻል ላይ ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የሚጮኽ ካምቢዮን ዝም ለማሰኘት ግን አይሙሉት። ያለቀ ኩሽኔታ በወፍራም ዘይት አይድንም፤ ድምፁ ይቀንስና መበላቱ ይቀጥላል።

አራተኛ፦ ለኤልኤስዲው የሚሆነውን ይለዩ

ጂኤል-5 ሆኖ «ኤልኤስ» ወይም «ኤልኤስዲ» የሚል ምልክት ያለበትን ይግዙ። ቶዮታ ለዚህ ያዘጋጀው ዲፈረንሻል ጊር ኦይል ኤልኤክስ ይባላል። እንዲህ ያለው ከጠፋ ተራ ጂኤል-5 ላይ ለብቻው በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን የዲስክ ማለስለሻ መጨመር ይቻላል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው አይለፍ፤ ከበዛ ዲስኮቹ መያዝ ትተው ይንሸራተታሉ፤ ያኔ ኤልኤስዲው ጭቃ ላይ እንደ ተራ ዲፈረንሻል ይሆናል። ዘይቱ አስቀድሞ የኤልኤስ ከሆነም ሌላ አይጨምሩ፤ ጩኸቱ ካልጠፋ በስተቀር።

ሁለት ነገሮች ከዚህ ይለያሉ። በቁልፍ የሚታሰረው ዲፈረንሻል (ዲፍ ሎክ) ዲስክ ስለሌለው ተራ ጂኤል-5 ይበቃዋል። ቶርሰን የሚባለው በጥርስ ብቻ የሚሠራው ዓይነትም ብዙውን ጊዜ ማለስለሻ አያስፈልገውም። በስሕተት ተራ ዲፈረንሻል ውስጥ የኤልኤስ ዘይት ቢገባ ግን ጉዳት የለውም፤ ዋጋው ብቻ ነው የሚወደደው። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለብዎ ወደ ኤልኤስ ያዘንብሉ።

ግዢው ላይ፦ ከበርሜል ተቀድቶ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ይተዉ። ቀለሙና ሽታው ጂኤል-4 ይሁን ጂኤል-5 አይናገርም፤ ማኅተሙ ያልተነካና የምርት ቁጥሩ የሚነበብ ጣሳ ብቻ ነው ማስረጃው።

አምስተኛ፦ አለዋወጡ

መኪናውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ዘይቱን ያሙቁት። ቀጥሎ፣ ይህን አይርሱ፣ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ብሎን ይፍቱ። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው ዝጎ አልፈታ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ቆሞ ይቀራል።

ሲያፈሱ የወጣውን ይመልከቱ። ማፍሰሻው ማግኔት ካለው ግራጫ የብረት ዱቄት መያዙ የተለመደ ነው። በጣት የሚነሳ ስብርባሪ ካለ መፈታት ያለበት ችግር አለ። ከካምቢዮ የወጣው ዘይት ውስጥ ወርቅማ ብናኝ ካዩ ሲንክሮናይዘሩ እየተበላ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ክረምት ወንዝ ሲያቋርጥ የነበረ መኪና ላይ የሚታየው ይሄ ነው። ያኔ ዘይቱን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ላይ ያለውን መተንፈሻና ፓራኦሊዮውን ያስፈትሹ።

ሮንዴላውን በአዲስ ተክተው ማፍሰሻውን ይዝጉና ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ ከታችኛው ከንፈር ጋር እኩል እስኪሆን ይሙሉ። መኪናው አዘንብሎ ከቆመ መጠኑ ይሳሳታል። የፊቱን ዲፈረንሻል አይርሱ፤ እሱ ተራ ጂኤል-5 ነው የሚፈልገው። ያረጀውን ዘይት ወደ ቦይ አይድፉ፤ ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ።

ኤልኤስዲ ከሆነ ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ አሥር ጊዜ ያህል ስምንት ቁጥር እየሠሩ ይንዱ፤ አዲሱ ዘይት በዲስኮቹ መሀል የሚገባው እንዲህ ነው። ከዚህ በኋላም ካጉረመረመ ማለስለሻው አንሷል ወይም ዲስኮቹ አልቀዋል።

በመጨረሻም የሞሉትን ዘይት ስም፣ የጂኤል ቁጥሩን፣ ውፍረቱንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በወረቀት ጽፈው መኪናው ውስጥ ያኑሩ። ቀጣዩ መካኒክ «90 ዘይት» ከማለቱ በፊት ያንን ወረቀት ያሳዩት።