ሁለት ዓመት የሚጠበቅ ጉድጓድ፦ በደጋ አገር የመጸዳጃ ቤትን ዝቃጭ ወደ ለም አፈር ስለ መለወጥ

ኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ ከቁጥር 12 እስከ 14 ስለ ሰፈር ንጽሕና ሲደነግግ፣ ሰው ከሰፈር ውጭ ወጥቶ እንዲጸዳዳና መቆፈሪያ ይዞ የወጣውን በአፈር እንዲሸፍን ያዛል። ምክንያቱን ሲናገር በሽታን አያነሣም፤ እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ስለሚመላለስ ነው ይላል። በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ ደግሞ አትክልተኛው በለሷ ከመቆረጧ በፊት ዙሪያዋን ቆፍሮ ፍግ እንዲያደርግባት አንድ ዓመት ይለምናል። የመጀመሪያው ንባብ የሚጎዳውን መሸፈንን፣ ሁለተኛው አፈርን መመገብን ያሳስበናል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን በአንድ ጉድጓድ ማገናኘት እንዴት እንደሚቻል እንመለከታለን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ በደብረ ወርቅና በአካባቢዋ ባሉ አድባራት የአብነት ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ ችግሩን ታውቁታላችሁ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ይሞላል፣ ከጎኑ ሌላ ይቆፈራል። የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ግን አይሰፋም፤ ከመቃብሩ፣ ከዛፉና ከተማሪው ጎጆ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። በክረምት የሞላው ጉድጓድ ሲፈስ ከኮረብታው ወደ ታች፣ ሰውና ከብት ወደሚጠጡበት ምንጭ ይወርዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በበርሜል ቅዱስ ጊዮርጊስ የጸበል ሥፍራ የተነሣው ኮሌራ ለፈውስ የተሰበሰቡ ምእመናንን አጥቅቶ ሕይወት ቀጥፏል። ጸበሉ አልነበረም በደለኛው፤ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት በቂ መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ ካልተሰናዳ የትም ቦታ ይህ ይደርሳል።

በትልልቅ ከተሞች መፍትሔው ሌላ ነው። አዲስ አበባ በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ለማጣራት የተሠራ ጣቢያ አላት። እንዲህ ያለው ሥራ የቧንቧ መስመር፣ መብራትና ባለሙያ ይፈልጋልና ለገጠር ደብር አይሆንም። ለእኛ የሚቀርበው የአርባ ምንጭ ልምድ ነው። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ያሉ ከተሞችንም ያካተተ ሮሳ የተባለ ፕሮጀክት ነበር። በዚያም ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለዩ ደረቅ መጸዳጃ ቤቶችና በተራ የሚሞሉ ሁለት ጉድጓዶች ተሞክረዋል፤ ዓላማውም ቆሻሻ ይባል የነበረውን ለእርሻ ማዋል ነበር።

ይሁንና አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ደብረ ወርቅ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ልዩነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በዓይነ ምድር ውስጥ ካሉት ጎጂ ነገሮች ለመሞት እጅግ የሚዘገየው የወስፋት ዕንቁላል ነው። ዓይነ ምድሩ ጠቁሮ፣ ደርቆና ሽታውን አጥቶ አፈር መስሎ ሳለ፣ ዕንቁላሉ በውስጡ ሕያው ሆኖ ሊቆይ ይችላል። እርሱን የሚገድለው ሙቀት፣ ድርቀትና ጊዜ ነው፤ ሙቀቱ ሲያንስ ጊዜው ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነበት አገር አዲስ ሳይጨመርበት ከአንድ ዓመት በላይ፣ ከዚያ በታች በሆነበት ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ይመክራል። የወንጌሉ አትክልተኛ አንድ ዓመት ለመነ፤ በደብረ ወርቅ ብርድ ግን ሁለቱን ዓመት መለመን ይገባናል። አንዳንድ ሰበካ ጉባኤ መጋቢት የዘጋውን ጉድጓድ ለሰኔ ዘር ለመክፈት ቢቸኩል፣ ጎመኑ ያምርበታል፣ ተማሪው ግን ወስፋቱን መልሶ ይበላዋል።

እንግዲህ ጉድጓዱ መሠራት ያለበት መጠበቅ እንዲቻል ሆኖ ነው። ሁለት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ይቆፈራሉ፤ አንዱ ሁለት ዓመት ሲያገለግል ሌላው ተዘግቶ ያርፋል። መጠኑ በግምት አይሆንም። ባለሙያዎች ለደረቅ ጉድጓድ በሰው በዓመት 60 ሊትር ያህል ይይዛሉ፤ እኛ ከተጠቀሙ በኋላ የሚጨመረውን አመድና ደረቅ አፈር አስበን 100 ሊትር እንዲያዝ እንመክራለን። 20 ተማሪዎች በሁለት ዓመት 4,000 ሊትር፣ ማለትም 4 ሜትር ኩብ ይሞላሉ። ወርዱም ርዝመቱም 1.5 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይህን ለመያዝ 1.8 ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ከላይ ባዶ የሚቀረው ግማሽ ሜትር ሲጨመር 2.3 ሜትር ይሆናል። ተማሪው 40 ከሆነ ጉድጓዱን ከማጥለቅ ሌላ ጥንድ መሥራት ይሻላል። የንግሥ በዓል እንግዶች በዚህ ሒሳብ አይገቡም። ለእነርሱ ለበዓሉ ብቻ የሚቆፈርና ወዲያው የሚደፈን ቦይ ይዘጋጅ፤ አለዚያ የሁለት ዓመቱ ጉድጓድ በሁለት ቀን ይሞላል።

አመዱ ሽታንና ዝንብን ይቀንሳል፣ ያደርቃል። ስለዚህ አመድ ከምድጃው እየተጠራቀመ በመጸዳጃው ደጃፍ በዕቃ ይቀመጥ፤ የመታጠቢያ ውኃ ግን ወደ ጉድጓዱ አይግባ። ከምንጭና ከጸበል ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ በተዳፋቱም ከእነርሱ በታች መሆን አለበት። መሬቱ መረሬ ከሆነ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በድንጋይ ያልተገነባ ግድግዳ ይናዳል። ክረምት ውኃ በሚያቁርበት ሥፍራ ከመቆፈር ይልቅ ከመሬት በላይ በድንጋይ የተገነባ፣ በደረጃ የሚወጡበት ጓዳ መሥራት ይበጃል። ቬትናማውያን ገበሬዎች እንዲህ ያለውን ባለሁለት ጓዳ መጸዳጃ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው ተጠቅመውበታል።

ሽንት ብቻውን ቢሰበሰብ የአፈር ማዳበሪያነቱ ይበልጣል፤ አብዛኛው ናይትሮጅን የሚወጣው በሽንት ነውና። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሽንት ለአንድ የምርት ወቅት አንድ ካሬ ሜትር መደብ ይመግባል። በጥብቅ በተከደነ ጀሪካን ስድስት ወር ይቀመጥ፤ ከዚያ በአንድ እጅ ሽንት ሦስት እጅ ውኃ ተጨምሮ ከተክሉ ሥር አጠገብ በተጫረ ቦይ ይፍሰስና ወዲያው አፈር ይልበስ፤ ካልለበሰ ጥቅሙ በሽታው ተንኖ ይጠፋል። ለጌሾ፣ ለወይራና ለጽድ ችግኝ፣ ተቀቅሎ ለሚበላ ድንችም ይሆናል። ከመሰብሰቡ አንድ ወር በፊት ግን መቆም አለበት።

ባዮጋዝን የሚጠይቁን አሉ። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ ክልልም ብዙ ማብላያዎችን አሠርቷል፤ መጸዳጃ ቤትንም ማገናኘት ይቻላል። ነገር ግን አራት ያህል ከብትና በየቀኑ በቂ ውኃ ከሌለ አይረባም። ላምና በሬ ያላቸው ገዳማት ያስቡበት፤ በቆሎ ተማሪ ብቻ የሚኖር ትምህርት ቤት ይተወው። ከማብላያው የሚወጣውም ዝቃጭ እንዲሁ ከወስፋት ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ካህናት የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ አለ፤ በዚህ አፈር የበቀለ ለቤተ መቅደስ ይገባልን? ሁለት ዓመት ያረፈው በተፈጥሮው አፈር ሆኗል። ሆኖም የምእመናንን ኅሊና ላለማወክ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ከሚዘራበት ማሳ ይራቅ እንላለን፤ ውሳኔው የደብሩ አባቶች ነው። ለደን ችግኝና ለጌሾ መደብ ግን የሚከለክል ነገር አይታየንም።

ጉድጓዱ በሚዘጋበት ዕለት ሰበካ ጉባኤው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በበሩ ላይ በቀለም ይጻፍ፤ በቃለ ጉባኤም ይመዝገብ፤ የኮሚቴ አባል ይለወጣልና። የሚከፍቱት ሰዎች ጓንትና ቦት ጫማ ያድርጉ፤ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ሲከፈት ያልበሰበሰ ወይም እርጥብ ሆኖ ከተገኘ መልሶ ተከድኖ አዲስ ቀን ይጻፍበት።